የጥናት ጓደኛ

አያት በሩን ገፋ ስታደርግ የልጅ ልጇ አግዳሚው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ታነብ ነበር። ሐተታዊ ዓረፍተ ነገር ስታነብ መስኮቱ ከውጭ አንዴ ተንኳኳ፤ ጥያቄ ስታነብ ደግሞ ሁለቴ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«ማነው እሱ፣ የኔ እናት?» አለች አያት።

«አብሮኝ እያጠና ነዋ፣ እማማ! የዓረፍተ ነገሮቹን ዓይነት ጥንቅቅ አድርጎ ይለያል፤ ትእዛዝ ላይ ብቻ ድርቅ ይላል። ቆይ፣ በቀላል ምሳሌ ላስረዳው።»

«ተይ! አፈር ስሆን፣ አንዳች ነገር እንዳትናገሪ!»

«ካም ኢን!» አለች ልጅቷ።

‹ግባ› ማለት እንደሆነ ለማወቅ የአያት ትምህርት በቂ ነበር። መንኳኳቱ ቆመ። አያት ተንደርድራ የልጅቷን አፍ በመዳፏ ከደነች። ልጅቷ ከመዳፉ ሥር ፈገግ አለች፤ ከዚያም አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች።