ይዣታለሁ

ሞዴል አውሮፕላኗ ቢሾፍቱ ዳር ካለው ሜዳ በላይ ትንገዳገዳለች። ተማሪዋ መቆጣጠሪያዋን ጨብጣ ወዲያ ወዲህ ትንቆራጠጣለች። የእሷን መቆጣጠሪያ ከአስተማሪዋ መቆጣጠሪያ ጋር ያገናኘው ገመድ አብሯት ይወጠራል፤ ሲጨንቃት አውሮፕላኗን ተቀብለው የሚያበሩላት በእሱ ነው።

«አንድ ቦታ ቁሚ እንጂ!» አሉ አስተማሪዋ፣ ጡረተኛው አብራሪ።

«ጋሼ፣ ልትወድቅ ነው! ይቀበሉኝ!»

«ይዣታለሁ። አይዞሽ።»

እፎይ አለች፤ ጣቶቿ ግን አላርፍ ብለው የመቆጣጠሪያዋን ዘንጎች መነካካት አልተዉም። አውሮፕላኗ ዞረች፣ ዝቅ አለች፣ ሣሩ ላይ በቀስታ አረፈች።

«እጅዎ ይባረክ!» ብላ ወደ እሳቸው ዞረች።

ገመዱ ከእሳቸው መቆጣጠሪያ ተነቅሎ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። እሳቸው አንጋጠው፣ ከፍ ብሎ በሚያንዣብብ አሞራ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ዘንጉን በስሱ ይገፋሉ።

«ዝም በይ፣» አሉ፤ «ገና እያሳረፍኳት ነው።»