በሞቴ ሳይላት

አለነ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ባሳደገችው እህቱ በደስታዬ ፊት አኖረው። ጢቬርያ ሐይቅ ዳር ሁለቱ በጋራ የገዙት የዕረፍት ቤት ቁልፍ ነበር።

«ለሱኮት በዓል አንቺ ሂጂበት፣ እታለም» አላት።

የደስታዬ ልብ ዘለለ። ከሠራዊት ለዕረፍት የምትመጣውን የልጅ ልጇን ይዛ ልትሄድ ሻንጣዋን በሩ ሥር ካስቀመጠች ሰንብታለች። ሲሰጧት ላፍ ማድረጉ ግን ነውር መሰላትና ቁልፉን በጣቷ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

«ኧረ ተው፣ ልጆችህ ይዝናኑበት። እኔ እዚህ ሬሖቮት ምን ጎደለብኝ?»

እጇን ከጠረጴዛው አላነሳችም። «በሞቴ» እስኪላት ትጠብቅ ነበር። እሱም ቅድም «በልቻለሁ» ብሎ ሲግደረደርባት፣ ደጋግማ በሞቴ ብላ ነው ወጡን ያጎረሰችው።

አለነ የጣቶቹን ቅባት በሶፍት ጠረገ።

«ቤሰደር፣ እንዳልሽ» አለ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ። «ሚስቴ ተራው የእህትህ ነው ብላ ነዝንዛኝ ነበር። አልፈለገችም እላታለሁ።»

ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመና ተነሣ። ቅድም ሲገባ ተሻግሮ ያለፋትን፣ የዋና ፎጣ ከላይዋ የታሰረባትን ሻንጣ፣ ሲወጣ በእግሩ ፈቀቅ አደረጋት።