የሳጥኑ ቁልፍ

የአውቶቡስ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ነርሷ ፌስቡክ ላይ የጻፈችውን ስሞታ በወረቀት አሳትሞ ፊት ለፊቷ አውለበለበው። ሆሳዕና ከተማ ባለው የድርጅቱ ቢሮ ደጃፍ ቲኬት ለመቁረጥ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። "ሲስተር፣ ስማችንን በአገር ፊት ከምታጠፊው መጥተሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት?" አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አረንጓዴ የአስተያየት ሳጥን በጥፊ መታው። "ይኼ ለጌጥ ነው የተሰቀለው?"

የነርሷ ደም ፈላ። የእናቷን ወንበር ለሌላ ሰው ደግመው ሸጠውት፣ አሮጊቷ ያበጠ እግራቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ድረስ ቆመው ነው የመጡት። "ሦስት ደብዳቤ ከትቼበታለሁ። ይክፈቱትና ያንብቡ!"

"ቁልፍ አምጣ!" ብሎ ሥራ አስኪያጁ ቲኬት ቆራጩ ላይ ጮኸ።

ቲኬት ቆራጩ አንገቱን ደፋ። "ጋሼ፣ ቢሮው የተመረቀ ዕለት ቁልፉን በትሪ አድርገን ለክብር እንግዳው ሰጠናቸው እኮ። ኪሳቸው ከተው ሄዱ።"

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። ሳጥኑን ከተሰቀለበት አወረደችና ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ሥር ደቅና በኃይል ነቀነቀችው።

"ይስሙ እንግዲህ!"

ሳጥኑ ኮሽ አላለም፤ በወረቀት እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።