ለሲና የጸለያችሁ

በስማይርና ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹ በወላጆች ፊት የሰውን መረጃ ሳያስፈቅዱ ስለማጋራት ይከራከሩ ነበር። ተራው የሲና ነው። ማይኩን ጨበጠች።

«ኦፕራሲዮን ስሆን የጸለያችሁልኝ፣ እጃችሁን አውጡ እስቲ።»

አዳራሹ በሙሉ አወጣ። እናቷም በአንድ እጇ በስልክ እየቀረጸቻት ሌላውን ከሁሉም በላይ ዘረጋች።

«አሁን መታመሜን ከእኔ ከራሴ ያልሰማችሁ አውርዱ።»

እጅ ሁሉ ወረደ። የቀረው የእናቷ ብቻ ነበር። በቫይበሩ የጸሎት ግሩፕ ሕመሟን ከነፎቶዋ ሳታስፈቅዳት የለቀቀችው እሷ ናት። ወጣቶቹ በሳቅና በፉጨት አዳራሹን ቀወጡት፤ ሲና ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

እናቷ እጇንም ስልኳንም ቀስ ብላ አወረደች። ጫጫታው ጋብ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀቻት።

«ሲንዬ፣ ልቅረጽሽ?»

«ይሄንንማ ቅረጪኝ፣ እማ። ለግሩፑም ላኪው።»