ጩኸት የማይደርስበት ዋርካ

ደረሰ ዋርካው ላይ ወጥቶ ድምፅ ማጉያውን በሽቦ ያስራል። እታች ሁለት ሰዎች የተከልኩትን የሰንሰል አጥር በገጀራ ይመነጥራሉ።

«ደህና መጣህ! ያችን ፒንሳ አቀብለኝማ።»

አላቀብለውም። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ቪዲዮ ቤት ነዋ! ተፈቀደልኝ እኮ።»

አምና ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከመናኸሪያው እርምጃዬን እየቆጠርኩ ስመጣ፣ የረዳቶቹ «ቡሬ! ቡሬ! ባሕር ዳር!» የሚል ጩኸት ጭራሽ የጠፋኝ እዚህ ዋርካ ሥር ነው። ሰንሰሉን ሦስት ረድፍ ተከልኩ። ከላህ ወንዝ ድንጋይ ተሸክሜ መቀመጫ ደረደርኩ። ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ፣ የቱ ጋ እንደሚሞት በስኩዌር ወረቀት ነደፍኩ።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያልሳቀብኝ ደረሰ ብቻ ነበር። ቢሮ መግባት እንደምፈራ ያውቃል፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። «እኔ ማዘጋጃ ቤት አስገባልሃለሁ። ማንም እንዳይነካው ይከልሉልሃል» ብሎ ወረቀቱን ወሰደ።

«ወረቀቴስ?» እለዋለሁ።

«እሱን እኮ ነው ያስገባሁት!» ይወርድና ሱሪውን ያራግፋል። «አንተ እኮ ሊቅ ነህ! የመናኸሪያ ጩኸት የማይገባበት ቦታ! ለፊልም ከዚህ ወዲያ የት ይገኛል? ንድፉን አይተው ወዲያው ፈረሙ።»

«ስሜ ነበረበት።»

«ኧረ አልፋቅሁትም! ከኔ ሥር አለህ። በር ላይ ቆመህ ትኬት ትቆርጣለህ፤ ምን ጎደለህ?»

ከማንኩሳ ለቅዳሜ ገበያ የሚመጡት እማማ ያይኔአበባ ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። ጆሯቸው ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮህ ነገር አለ፤ የመናኸሪያው ጩኸት ያብስባቸዋል። መኪናቸው እስኪሞላ ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እጃቸውን ይዤ የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ።

«እሰይ፣ ደረስሁ። ዛሬስ ጆሮዬ ባሰብኝ።» የወደቀውን ሰንሰል ያያሉ። «ምነው ልጄ፣ አጥር ልትቀይሩ ነው?»

«ሲኒማ ልናስገባልዎ ነው እማማ!» ይላል ደረሰ እየሳቀ። ማይክራፎኑን ያነሳል። «ሃሎ! አንድ፣ ሁለት!»

የዋርካው ወፎች ባንዴ ይነሳሉ።

እማማ ያይኔአበባ ወደኔ ዞረው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ከድምፅ ማጉያው ጩኸት የተነሳ አይሰማኝም። በአንድ እጃቸው ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ይጫኑና፣ ሌላውን እንደወትሮው እንዳስቀምጣቸው ይዘረጉልኛል።