ከጎኑ የቆመችው

ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ የዓይን ጠብታውን እስክትከፍት፣ ጡረተኛው ፎቶ አንሺ ጉልበቱ ላይ ያለውን የሠርጋቸውን ፎቶ ትክ ብሎ አየ። ራሱን አገኘ፤ ጎኑ ግን ባዶ ነበር። ጠዋት የመረመረችው ሐኪም፣ «አባባ፣ ዓይንዎ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በደንብ ስለማይወጣ ግፊቱ ነርቩን ጎድቶታል። ከዳር በኩል የጠፋው እይታ አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ያቆይልዎታል» ብላው ነበር።

አንገቱን ዘወር ሲያደርግ ሙሽራዋ ብቅ አለች፤ ካሜራውን ትታ እሱን እያየች። እሱማ ያን ቀን ሙያው ይዞት፣ ሌንሱ ላይ እንዳፈጠጠ እንደ ሐውልት ተገትሮ ነበር።

«ቀና በል፣ እንዳትነቃነቅ» አለችው ሚስቱ፤ ዕድሜ ልኩን ደንበኞቹን ሲያዝበት በኖረው ቃል።

እሱ ግን ወደ እሷ ዞረ።

«ኧረ ጣሪያውን እይ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ቆይ እስቲ» አላት፤ «ያን ቀን ያመለጠኝን ልይ።»