የባቡር ነጂው ሰዓት

እትዬ ትብለጥ በየዓመቱ የአባታቸውን ሙት ዓመት ዘክረው ሲያበቁ ወደ ጥንታዊ ሰዓቶች ሙዚየም ጎራ ይላሉ። አባታቸው ባቡር ነጂ ነበሩ። ባቡሩ ተገልብጦ የሞቱ ዕለት የኪስ ሰዓታቸውም ዘጠኝ ከሩብ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ለሙዚየሙ የሰጡት እትዬ ትብለጥ ራሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ አዲሱ ኃላፊ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው።

«ይግቡ እትዬ! ይሄ ቤት እኮ የሰዓት መቃብር ነበር። ባለሙያ አስመጥቼ አንድ ሳላስቀር አስጠገንኩ።»

እውነቱን ነው፤ ቤቱ ቀጭ ቀጭ በሚል ድምፅ ተሞልቷል። እትዬ ትብለጥ ሰዓቱ የተቀመጠበት የመስታወት ሣጥን ፊት ቆሙ። የአባታቸው ሰዓት አምስትን አልፎ እየገሰገሰ ነው።

«የአባትዎማ ከሁሉም በለጠ! ደቂቃ አያዛንፍም» አለ ኃላፊው።

እትዬ ትብለጥ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ታዲያ አባባ ምነው ሳይመጡ ቀሩ?»